የሰብለ ፊትና የእትዬ ደብሬ እጅ

ያን ቅዳሜ በፀጉር ቤቱ ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። ሙሽራዋ ሰብለ። የእናቷ እኅት ወይዘሮ ጥሩዬ። ሁለት ሚዜዎቿ፣ አንዷ ረጅም ዝምተኛ፣ ሌላዋ ሣቂታ፤ የሁለቱም ስም ጠፍቶብኛል። የቤቱ ባለቤትና አሠሪዬ እትዬ ደብሬ። ሹሩባ ሠሪዋ እኔ፣ እናንየ። በሆዴ ደግሞ ልጄ ማስተዋል ነበረች፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ እርሷ ዘንድ ስለ ደረሰ እርሷንም ከነበሩት እቆጥራታለሁ።

ሁሉንም የዘረዘርኩት ምናልባት አንዳቸው ይህን ቢያነቡ ብዬ ነው። ለሰብለ መንገር ያለብኝ ነገር አለ። ያን ቀን ፊቷ ላይ የነበረው ምን እንደ ሆነ ማናችንም አላወቅንም። አሁን አውቄአለሁ። እርሷ ግን የት እንዳለች አላውቅም።

ሥራዬን ያቆምኩት በቅርቡ ነው። ጣቶቼ ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ አሉ፤ ቀጭን ሹሩባ ለመያዝ የማይታጠፍ ጣት ምን ያደርጋል? ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ጀርባ ያለችውን ክፍል ለቀቅሁ። ወንበሮቹን ሸጥኩ፣ ሚዶዎቹን ግን ይዣቸው ገባሁ። ሥራ የለመደ ሰው ቁጭ ሲል ሐሳብ ይበዛበታል፤ እኔ ደግሞ ድሮም ሐሳብ አላጣም። ልጄ «ከምትጨነቂ ጻፊው» አለችኝ። እስከ አምስተኛ ክፍል ነው የተማርኩት፤ ፊደል ስስት እርሷ ታርመዋለች።

የተወለድኩት ቁይ አካባቢ ነው። በዓል ሲደርስ የሰፈሩን ሴቶች ራስ የምሠራ እኔ ነበርኩ። አግብቼ ማርቆስ ስገባ ያንኑ ሙያ ይዤ ሥራ ፍለጋ ወጣሁና እትዬ ደብሬን አገኘሁ። የአማኑኤል ከተማ ሰው ናቸው። ወፈር ያሉ፣ ዝግ ያሉ፣ ሲስቁ ትከሻቸው ብቻ የሚንቀጠቀጥ ሴት ነበሩ። የመጀመሪያ ቀን የራሳቸውን ፀጉር አስያዙኝ። ጥቂት እንደ ሠራሁ፣

«ቁይ ላይ የምትሠሪው ሰው ነበር ወይስ በግ?» አሉኝ።

«ሰው ነው እትዬ።»

«እንግዲያው እኔም ሰው መሆኔን አትርሺብኝ።»

ሹሩባ ሲሠራ የሚያመው ጉንጉኑ አይደለም፤ ሥሩ ላይ ያለችው የመጀመሪያዋ ጉተታ ናት። ሴትዮዋ ትንፋሿን ይዛ ሳለች ከተጎተተ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ይወጣል፣ ግንባሯ ይወጠራል፣ ማታ ራሷን ሲያማት ያድራል። ትንፋሿን ስታወጣ ከተጎተተ ግን ሳታውቀው ያልፋል። እትዬ ደብሬ ጣታቸውን ፀጉሩ ሥር ያስገቡና ይጠብቃሉ። ስታወጣ ይስባሉ፤ ስታስገባ ዝም ይላሉ። ጥቂት መስመር እንደ ተሠራ ሴትዮዋ በራሷ ጊዜ ቀስ ብላ መተንፈስ ትጀምራለች። ተቆጥታ የገባችው ዝም ትላለች፣ ዝም ብላ የገባችው ታወራለች፤ የምታንቀላፋም አለች። ይህን ለመልመድ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። እጄ ይቸኩል ነበር።

ሌላው ልማዳቸው መስተዋቱን ማዞር ነው። የተጨነቀች ሴት ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ መስተዋቱን ከሚስማሩ አውርደው ፊቱን ወደ ግድግዳ ይመልሱታል። «ያላለቀ ሥራ አያሳዩትም» ይላሉ። ራሱ ተሠርቶ ያላለቀለት ሰው ግን ፀጉሩን ብቻ አይደለም የሚያየው፤ ቁስሉንም ሽበቱንም ይቆጥራል።

ሦስተኛው ግን ከሁሉ የሚበልጥ ነው። ራስ ከመንካታቸው በፊት የእጃቸውን ጀርባ ጉንጭ ላይ ያሳርፋሉ፤ እናት የልጇን ትኩሳት እንደምታይ። «አፍ ደህና ነኝ ይላል፤ ጉንጭ ይናገራል» ይሉ ነበር። ጉንጯ የጋለባትን ሴት ትንሽ አስቀምጠው ቀዝቃዛ ውኃ ሳያጠጡ አይጀምሩም።

በመካከሉ ባለቤቴ ደምበጫ ሥራ ስላገኘ እዚያ ሄድን። የደምበጫው አሠሪዬ ፈጣን ሰው ነበር። ፀጉር ማድረቂያውን፣ ያን ራስ ላይ እንደ ቆብ የሚደፋውን ካስክ፣ በከተማው መጀመሪያ ያመጣሁ እኔ ነኝ ይል ነበር። በገበያ ቀን ሴቶቹ ከፈረስና ከጋሪ እየወረዱ በር ላይ ይሰለፋሉ፤ እርሱ «እናንየ፣ ፈጠን! አንቺ ፀጉር ነው የምትሠሪው ወይስ ጸሎት ታደርሺያለሽ?» ይለኛል። ደሞዙ ደህና ነበር። ነገር ግን ከካስኩ ሥር ከሚወጡት ሴቶች አንዳንዶቹ ጉንጫቸው እንደ ጋለ ይቀር ነበር። የሌሎቹ ወዲያው ይበርዳል፤ የእነዚህ አይበርድም። «ፊቴን አቃጠለኝ» ሲሉ እርሱ «ውበት እንዲያ ነው» ብሎ ይሸኛቸዋል። እኔም ሙቀቱ ነው ብዬ አለፍኩት። ማስተዋልን ሳረግዝ ወደ ማርቆስ፣ ወደ እትዬ ደብሬ ተመለስኩ።

ሰብለ የመጣችው ያኔ ነው። ሠርጓ በማግስቱ እሑድ ነበር። ቀይ ዳማ ልጅ ናት፤ ጉንጮቿና አፍንጫዋ ግን ጠቆር ብለው ያብረቀርቃሉ፣ ላዩ ላይ ጥቃቅን ሽፍታ አለ። ዓይኗም ያለቀሰች ይመስላል። እትዬ ደብሬ የእጃቸውን ጀርባ ጉንጯ ላይ አድርገው ቶሎ አነሡት።

«ይህ ፊት ይነዳል። ምን ሆነሽ ነው የኔ ልጅ?»

ወይዘሮ ጥሩዬ ቀደሟት። «ምች ነው። ሐሙስ ከገበያ ስትመለስ ፀሐይ መታት።»

«እኔ ሐሙስ ገበያ አልሄድኩም አክስቴ» አለች ሰብለ።

«ሄድሽም አልሄድሽም ምች ነው!»

ሚዜዎቹ ሣቁ። ሰብለ ግን አልሣቀችም። ሌሊት እንቅልፍ ካጣች ሰነባብታለች። ቀስ ብላ ነገረችን፦ የሙሽራው እናት ለወሬ ከእነርሱ ቤት መጥተው ሳለ ፊቷን አይተው «ልጅቱ ትቀምሳለች እንዴ?» ብለው ጠይቀዋል። አረቄ ማለታቸው ነው። እሑድ ሰው ሁሉ ፊት እንዲህ ሆና ብትቆም አማቷ ያሉትን ሁሉም ያምናል። «አስበዋለሁ፤ ሳስበው ይግላል፤ ሲግል ደግሞ የባሰ አስበዋለሁ» አለች። ይህ ቃሏ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። በሽታውን ራሷ ነግራን ነበር።

ወይዘሮ ጥሩዬ ከነጠላቸው ጫፍ ዳማከሴ አወጡ። ባገራችን ፊት ላይ የወጣ ነገር ሁሉ ምች ነው፤ ለምች ደግሞ ዳማከሴ አፍልቶ በእንፋሎቱ መታጠን ነው። ማን ይህን ሳያውቅ ያደገ አለ? እትዬ ደብሬ ግን እጃቸው ገና እዚያው ጉንጭ ላይ እንዳለ ሁሉ ቆሙ።

«የጋለ ነገር ላይ የፈላ ይጨመራል ወይዘሮ ጥሩዬ?»

«ታዲያ ቅጠሉን ጥሬውን ትብላው? ሐኪም ሆኑ እንዴ ደግሞ!»

ሙሽራ የዘመድ ናት፤ ፀጉር ሠሪ ከአክስት አይከራከርም። ውኃውን አፈላሁ። ሰብለ ጎንበስ አለች፣ ነጠላ ደረብንባት። ጥቂት ታገሠች፤ ከዚያ «እሳት ነው፣ አውጡኝ!» ብላ ነጠላውን ገፈፈችው። ፊቷ አብጧል። ዓይኗ ቀልቷል። ወይዘሮ ጥሩዬ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

ሣቂታዋ ሚዜ ቦርሳዋን ከፈተችና ትንሽ ቱቦ አወጣች። «እኔ ለብጉር የምቀባው ነው፤ በአንድ ሌሊት ነው የሚያጠፋው» አለች። ቀባናት። ወደ ማታ እብጠቱ ረገበ። እሑድ ጠዋት ፊቷ ሰላም ሆኖ መጣች፣ ጉንጉኗን ጨርሼ መስተዋቱን ዞር ባደርግላት እልል አልን። ሠርጉ አለፈ። አማቷም ክፉ አልተናገሩም ተባለ። ሚዜዋን ሁላችንም መረቅናት።

ሰብለ ተመልሳ የመጣችው በክረምቱ ነው፤ በነጠላ ተሸፋፍና። ቅባቱን አላቆመችም። እየተቀባች ደህና ናት፤ ስትተወው ከቀድሞው ብሶ ይመጣል፤ ስለዚህ ደግማ ትገዛለች። አሁን ቆዳዋ ስስ ሆኗል፣ ቀጫጭን ደም ሥሮች ይታያሉ፣ ሽፍታው አገጯ ድረስ ወርዷል። አማቷ የተዉትን ወሬ ጎረቤት አንሥቶታል።

«አረቄ በአፌ ዞሮ አያውቅም፤ እናንየ ታውቂ የለም ወይ?» አለችኝ። እኔ ምን አውቃለሁ? «አውቃለሁ» አልኳት።

እትዬ ደብሬ መስተዋቱን አዞሩላት። ጉንጯን በእጃቸው ጀርባ ነኩት። ከዚያ ራሷን ሠሯት። ሲጨርሱ እንደ ወትሮው መስተዋቱን ሊመልሱላት ሲነሡ «ተዉት እትዬ፣ እንዲሁ ልሂድ» አለች። ፀጉሯን ሳታይ ወጣች። በሥራ ዘመኔ ሁሉ የተሠራላትን ሳታይ የሄደች ደንበኛ እርሷ ብቻ ናት። ከዚያ በኋላ አላየኋትም። አንዱ ቡሬ ገባች ይላል፣ አንዱ ባሕር ዳር፤ ከባሏ ጋር ትሁን ብቻዋን ማንም በውል የሚነግረኝ አልተገኘም።

የምናውቀውን ነው ያደረግነው። ነገር ግን እትዬ ደብሬ ከዚያ ወዲህ ማንንም በእንፋሎት አላጠኑም። ፊት ላይ እንፋሎት የምትጠይቅ ስትመጣ «የማላውቀውን አልቀቅልም» ይሉና በንጹሕ ጨርቅ ቀዝቃዛ ውኃ ነክረው ጉንጯ ላይ ያኖሩላታል። ሲያረጁ ቤቱን ለእኔ ትተው አገራቸው አማኑኤል ገቡ። ነፍሳቸውን ይማር፤ እጃቸው ግን ከእኔ ጋር ቀርቷል።

ማስተዋል አድጋ አስተማሪ ሆነች፤ የመጀመሪያ ምደባዋ ቁይ ሆነ። ደስ አለኝ፣ አገሬ ነውና። ብዙም ሳይቆይ በስልክ ድምፅዋ ልክ አልሆነም። ጠይቄ ጠይቄ አወጣሁት። ክፍል ስትገባ ፊቷ ይግላል፤ ልጆቹ ያዩኛል ብላ ትፈራለች፤ ስትፈራ ይብሳል። ብጉር የመሰለ ነገርም ወጥቶባታል። ስልኩን ይዤ ቁጭ አልኩ። የሰብለ ቃል ነው፣ በልጄ አፍ።

እኔ ሳልጨነቅ የምውል ሴት አይደለሁም፤ የልጄ ነገር ሲሆን ደግሞ ይብስብኛል። በየጠዋቱ እደውላለሁ፤ «ፊትሽን አሳዪኝ» እላለሁ። በስልኩ ካሜራ አያታለሁ። «ዛሬ ከትናንት ብሷል» እላለሁ። በርበሬ አትብዪ፣ ሻይ አትጠጪ፣ ፀሐይ ላይ አትቁሚ፣ እሳት አጠገብ አትቀመጪ፣ ደግሞ አትጨነቂ! አልጫ ሽሮ ቋጥሬ በአውቶቡስ ሹፌር ላኩላት። አንድ ቀን፣

«እማ፣ የወለድሽው እኔን ነው ወይስ ፊቴን?» አለችኝ።

ተቆጣሁ። ማልቀስም አማረኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ማስተማሩን ትታ ጽሕፈት ቤት እንዲያዛውሯት ልታመለክት እንደ ሆነ ስትነግረኝ ግን፣ ማርቆስ መጥታ የቆዳ ሐኪም እንዲያያት ለመንኳት። እሺ አለች።

ሐኪሙ ከሌላ ክፍለ አገር የመጣ ወጣት ነው። ሳልጠየቅ «ምች ነው የሚሉ አሉ» አልኩት።

«እርስዎስ ምን ይላሉ እማማ?»

«እኔ ምን አውቄ። ብቻ እንፋሎት አይንካው።»

«ይህን ማን ነገረዎት?»

«አንዲት ሙሽራ።»

ፈገግ አለ፤ ከዚያ የእጁን ጀርባ በልጄ ጉንጭ ላይ አሳረፈ። እንደ እትዬ ደብሬ።

ሮዜሽያ ይባላል አለን። የፊት ጥቃቅን ደም ሥሮች ቶሎ የሚሰፉበት፣ ቆዳው ቶሎ የሚቆጣበት ሕመም ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ከቆሻሻም አይመጣም። መጠጥ ያብሰዋል እንጂ መጠጥ አፉ ገብቶ የማያውቅም ሰው ይይዘዋል። በጠይም ቆዳ ላይ መቅላቱ ስለማይጎላ ብዙ ጊዜ ብጉር ወይም ሌላ ነገር ይባላል፤ ስለዚህ ከማየት መንካት፣ ከመንካትም መጠየቅ ይሻላል አለ። ጨርሶ አይነቀልም፣ ግን ይገራል። የሚቀባ መድኃኒትና ለጊዜው የሚዋጥ አዘዘላት። ፊቷን ለብ ባለ ውኃ፣ በለስላሳ ሳሙና፣ ሳታሽ እንድትታጠብ፤ የፀሐይ መከላከያ ቅባት እንድትቀባና ጃንጥላ እንድትይዝ ነገራት። የደጋው ብርድ ያታልላል እንጂ ፀሐዩ ያው ፀሐይ ነው። ቡናና ሻይ ቀዝቀዝ ብሎ ይጠጣል። በርበሬ ሁሉን ሰው እኩል አይነካም፤ የሚያስነሣባትን ራሷ እያስተዋለች ትለይ አለ።

ስለ ሰብለ ቅባት ጠየቅሁት። «እንዲያ ያሉ ብርቱ ቅባቶች መጀመሪያ ያሳርፋሉ፤ ሲተዉ ብሰው ይመለሳሉ። ብዙ የተቀባ ሰው ብቻውን እየታገለ አይኑር፤ ሐኪም ዘንድ ይምጣ፤ ጊዜ ቢፈጅም ይሻላል» አለኝ።

ይሻላል አለ። ይህን ሰብለ አልሰማችም።

ከዚያ ልጄን «መቼ መቼ ነው የሚብስብሽ?» አላት። መሬት መሬት አየች።

«ክፍል ልገባ ስል። ከሁሉ ግን ጠዋት፤ እማ ፊትሽን አሳዪኝ ብላ ስትደውል።»

ሐኪሙ አልሣቀብኝም። ጭንቀት ብቻውን ይህን ሕመም አያመጣውም፣ ያለበትን ሰው ግን ይቀሰቅስበታል፤ ሲቀሰቀስ ያፍራል፣ ሲያፍር ይጨነቃል፣ እንዲህ እያለ ይዞራል አለ። መድኃኒቱም የሚይዘው ይህ ዙር አንድ ቦታ ላይ ሲቆረጥ ነው። እንቅልፏን እንድትጠብቅ፣ በጥላ ሰዓት በእግር እንድትሄድ፣ ክፍል ከመግባቷ በፊት ቆም ብላ ትንፋሿን ቀስ አድርጋ፣ ከምታስገባው ይልቅ ረዘም አድርጋ እንድታወጣ ነገራት። ለሚቀርቧት አስተማሪዎችም ሕመሙን ብትነግራቸው መደበቁ ራሱ ይቀልላታል አለ። ወደ እኔ ዞረና፣

«እማማ፣ ለእርስዎም ላዝዝልዎ? ይደውሉ። ስለ ፊቷ ግን አይጠይቁ።»

«እና ስለ ምን ልጠይቃት?»

«ስለ ተማሪዎቿ።»

መጀመሪያ ከበደኝ። ስልኩን አንሥቼ «ፊ...» ብዬ «ፊተኛ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ማን ነው?» እላለሁ። ማስተዋል ገብቷት ትሥቃለች። አሁን የልጆቹን ሁሉ ስም አውቃለሁ፤ ማን እንደሚያስቸግር፣ ማን ሳይበላ እንደሚመጣ። እኔ ስለ ፊቷ ስል ያላየሁት ስንት ነገር ነበር! ጭንቀቴ አልጠፋም፤ ከእርሷ ፊት ላይ ግን አንሥቼዋለሁ። ሐሳብ ሲይዘኝ ደጅ ወጥቼ እሄዳለሁ፣ ወይም እጽፋለሁ።

ፊቷ ፈጥኖ አልዳነም። የሚመለስበት ቀን አለ፤ ፈተና ሲደርስ፣ መጋቢት ላይ ፀሐዩ ሲከር። ግን ማስተማሩን አልተወችም። ጃንጥላዋን ይዛ ትሄዳለች፤ አንድ ተማሪ «ቲቸር፣ ዝናብ የለም እኮ!» ሲላት «ለእኔ ይዘንባል» ትለዋለች።

ቅዳሜ ወደ ቤት ስትመጣ ከእግሬ ሥር አስቀምጣታለሁ። ለሌላ ሰው መሥራት ቢያቅተኝም ለእርሷ ጣቶቼ ቀስ ብለው ይታጠፋሉ። መስተዋቱን ወደ ግድግዳ እመልሰዋለሁ። ጣቴን ፀጉሯ ሥር አስገብቼ እጠብቃለሁ፤ ስታወጣ እስባለሁ። በመካከሉ ትንፋሿ ይረጋል፣ ትከሻዋ ይወርዳል። የእጄን ጀርባ ጉንጯ ላይ ማሳረፍ ያምረኛል፤ እተወዋለሁ። አንዳንዴ እርሷ ራሷ እጄን ትይዝና ጉንጯ ላይ ታደርገዋለች። በርዶ አገኘዋለሁ። ስጨርስ መስተዋቱን አዞርላታለሁ፤ ታያለች።

ያን ጊዜ ሁሉ የማስበው ሳታይ የወጣችውን ነው። ስለዚህ ከላይ የጻፍኳችሁ፣ ወይዘሮ ጥሩዬ፣ ሁለታችሁ ሚዜዎች፣ ወይም ቡሬም ባሕር ዳርም ያላችሁ የምታውቋት፣ ለሰብለ ይህን ንገሯት፦ ምች አልነበረም፣ አረቄም አልነበረም፤ ስም አለው፣ ሐኪም አለው፣ ይገራል። ለእኔ ደግሞ ወደ ማርቆስ የሚመጣ ሰው ስታገኙ መልሱን ላኩልኝ። ክፍሏን ብለቅም መናኸሪያው ጀርባ የፀጉር ሠሪዋን የእናንየን ቤት ብሎ ቢጠይቅ ያሳዩታል። ሰብለ የት ነው ያለችው? ፊቷስ እንዴት ነው?